ኢንተርኔታችንን የሚቆርጠው ማን ነው? ከሰበታ ቁፋሮ እስከ ቀይ ባሕር ወለል

ባንክ ቤት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኢሜይል አልከፈት ሲል፣ የአየር ትኬት መቁረጫው ሲንቀራፈፍ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር የተጀመረው የቪዲዮ ወሬ ሲቆራረጥ ሁላችንም አንድ ምክንያት እንሰጣለን፤ «ኔትወርክ የለም»። ለተጠቃሚው በእርግጥ ሁሉም አንድ ነው። ነገር ግን የተበጠሰው መስመር ሰበታ መንገድ ዳር የተቀበረ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቀይ ባሕር ወለል ላይ የተኛ ኬብልም ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳነሳ «ባሕር የሌላት አገር ስለ ባሕር ውስጥ ኬብል ምን አገባት?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ባሕር የሌለን እኛ እንጂ ኢንተርኔታችን አይደለም። በአህጉሮች መካከል ከሚመላለሰው መረጃ 99 ከመቶ ያህሉ የሚጓዘው በሳተላይት ሳይሆን በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ኬብል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን ወይም ወደ ሙምባይ የሚላክ ፋይልም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጎዳው፣ እንዴት እንደሚጠበቅና የእኛ ድርሻ የቱ ላይ እንደሆነ ማወቅ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከሱሉልታ ሰሐን ወደ ባሕር ወለል

ሱሉልታን ከቴሌኮሙኒኬሽን ታሪካችን ጋር ያገናኛት በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) የተተከለው የሳተላይት የመሬት ጣቢያ ነው። የጣቢያው ግዙፍ ሰሐን ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር እየተገናኘ የአገሪቱን የውጭ ስልክ ጥሪ ያስተናግድ ነበር። በጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምርም መውጫችን ሰማይ ነበር።

ሳተላይት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መልሕቅ አይደርስበትም፣ ዶማ አያገኘውም። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። መልእክቱ ወጥቶና ወርዶ፣ መልሱም እንደዚያው ተጉዞ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። አቅሙም ከኦፕቲካል ፋይበር ጋር ሲነጻጸር በጣም ጠባብ፣ ዋጋውም ውድ ነው። በዚህ ምክንያት አገሪቱ ቀስ በቀስ ፊቷን ወደ ጎረቤት ወደቦች አዞረች። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ዋና ዋና መውጫዎች ሦስት ናቸው፤ በምሥራቅ ጅቡቲ፣ በምዕራብ ሱዳን (ፖርት ሱዳን)፣ በደቡብ ደግሞ በሞያሌ በኩል ኬንያ (ሞምባሳ)። በሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት ኬብሎች፣ በ2010 ደግሞ «ኢዚ» ተብሎ የሚጠራው የምሥራቅ አፍሪካ ኬብል አገልግሎት ጀመሩ። ጅቡቲ ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚያልፉ በርካታ ኬብሎች የሚያርፉባት መናኸሪያ ሆናለች።

የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚነሳው ከሰበታ መሆኑ ይታወቃል። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ጅቡቲን ካላለፈ እንደማይደርስ ሁሉ የመረጃ ጭነታችንም ወደብ አለው። ልዩነቱ፣ የዕቃው ወደብ ቢዘጋ በሳምንት የምንሰማውን የመረጃው ወደብ ሲዘጋ በሴኮንድ መስማታችን ነው።

ኬብሉ ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የባሕር ውስጥ ኬብልን እንደ ትልቅ የውኃ ቧንቧ ያስበዋል። በጥልቅ ባሕር ላይ የሚዘረጋው ኬብል ግን የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ፤ መረጃው በእነሱ ውስጥ በብርሃን መልክ ይሮጣል። በዙሪያቸው የብረት ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የመዳብ ቱቦና የፕላስቲክ ልባስ አለ። ብርሃኑ እየደከመ ስለሚሄድ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ልዩነት የማጠናከሪያ መሣሪያ ይገጠማል። ኤሌክትሪኩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ኬብሉ ተጨማሪ የብረት ጋሻ ይለብሳል። በጥልቁ ባሕር ቀጭን፣ በጥልቀት በሌለው ባሕር ወፍራም የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ጠላቱ ያለው ጥልቁ ውስጥ ሳይሆን ሰው በሚደርስበት ዳርቻ ነው።

የሚበጥሰው ማን ነው?

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የኬብል ብልሽት ይመዘገባል። ዓለም አቀፉ የኬብል ጥበቃ ኮሚቴ እንደሚለው፣ ከዚህ ውስጥ ከ70 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነው የሚደርሰው በዓሣ ማጥመጃ መረብና በመርከብ መልሕቅ ነው። ቀሪው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የባሕር ውስጥ ናዳና የዕቃው እርጅና ነው። ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥቃት ብዙ ዜና ቢያወጣም ከጠቅላላው ትንሹን ድርሻ ነው የሚይዘው።

ለአብነት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 መጨረሻ ከእስክንድርያ ዳርቻ ሁለት ኬብሎች ተቆርጠው ግብፅና ህንድን ጨምሮ በርካታ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተዳከመ። በሁለተኛው ቀን በዱባይና በኦማን መካከል ሌላ ኬብል ተበጠሰ። በዚያ ሰሞን የማይወራ የሴራ ወሬ አልነበረም። የጥገና መርከቧ በዱባዩ ኬብል ላይ ያገኘችው ግን የተጣለና ከአምስት እስከ ስድስት ቶን የሚመዝን መልሕቅ ነበር።

እኛን በቀጥታ በሚመለከተው አካባቢም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች በአንድ ጊዜ ተቆረጡ። ያ ሳይጠገን በዚያው ወር ሞምባሳ ወደብ አካባቢ መርከብ የጣለው መልሕቅ ቲምስን በጠሰው። በሜይ 2024 ኢዚና ሲኮም በደቡብ አፍሪካ ደርባን አጠገብ ተቆርጠው ከኬንያ እስከ ታንዛኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። በሴፕቴምበር 2025 በጂዳ አቅራቢያ ኬብሎች ሲቆረጡ ደግሞ ህንድና ፓኪስታን የኢንተርኔት መዳከም ገጠማቸው፤ ማይክሮሶፍትን የመሰለ ኩባንያም አገልግሎቱ መዘግየቱን አስታወቀ። የጂዳውንም ባለሙያዎች የሰጡት ለተጎተተ መልሕቅ ነው።

ሆን ተብሎ ሲሆንስ?

ሆን ብሎ ማበላሸት የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የግብፅ ባሕር ኃይል በእስክንድርያ አቅራቢያ ኬብል ሲቆርጡ አገኘኋቸው ያላቸውን ሦስት ጠላቂዎች ይዟል። በ2007 የቬትናም ዓሣ አጥማጆች በብዙ ኪሎ ሜትር የሚለካ ኬብል ከባሕር ጎትተው አውጥተው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ለመሸጥ ሞክረዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመዳብ ሽቦ እየቆረጡ መሸጥን በከተሞቻችን እናውቀዋለን። የሚያሳዝነው በፋይበር ኬብል ውስጥ ያለው መስታወት ስለሆነ ሌባው የሚሸጠው ነገር አለማግኘቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ድንበሩ የደበዘዘው የጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 የየመን ሁቲዎች ሩቢማር የተባለችውን የጭነት መርከብ በሚሳይል መቱ። ሠራተኞቿ መልሕቅ ጥለው ወጡ፤ መርከቧ መልሕቋን እየጎተተች ለቀናት ተንሳፈፈች። በፌብሩዋሪ 24 ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉት ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። መርከቧም በማርች 2 ሰጠመች። ሁቲዎች ኬብል አልቆረጥንም ብለዋል፤ የባለሙያዎቹ ዋና ግምትም የተጎተተው መልሕቅ ነው። ታዲያ ይህ ጥቃት ነው ወይስ አደጋ? ሚሳይሉ ሆን ተብሎ ተተኮሰ፤ ኬብሉ ግን ታስቦ የተመታ አይመስልም። ለተጠቃሚው ለውጥ የለውም። ለጥገና ግን ትልቅ ለውጥ አለው፤ መርከብ በሚመታበት ባሕር የጥገና መርከብ አይገባም፤ ኢንሹራንሱም ይንራል፤ ፈቃድ ሰጪው የየመን መንግሥትም ለሁለት ተከፍሏል። በቀናት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ወራት የፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት ይጠበቃል?

በዓለም የሚሠራባቸው ዘዴዎች የተራቀቁ አይደሉም። የመጀመሪያው መቅበር ነው። በጥልቀት በሌለው ባሕር የኬብል መርከቧ በምትጎትተው ማረሻ ወለሉ ተሰንጥቆ ኬብሉ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይቀበራል። ሁለተኛው ማሳወቅ ነው። የኬብሉ መንገድ በመርከበኞች ካርታ ላይ ይሰፍራል። አንባቢ «ቦታውን ማሳወቅ ለአጥፊ ማመልከት አይሆንም ወይ?» ሊል ይችላል። ልምዱ የሚያሳየው ግን በመደበቅ ከሚገኘው ጥቅም ሳያውቁ የሚያበላሹትን በማስጠንቀቅ የሚገኘው እንደሚበልጥ ነው።

ሦስተኛው መከልከል ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ፣ አውስትራሊያም ከ2007 ጀምሮ ሲድኒና ፐርዝ አካባቢ በከለለቻቸው ቀጣናዎች፣ በኬብል ላይ መልሕቅ መጣልም ሆነ ወለል የሚጠርግ መረብ መጎተት ያስቀጣል። አራተኛው መከታተል ነው፤ መርከቦች ያሉበትን ቦታ በራሱ የሚያሳውቅ መሣሪያ ስላላቸው በኬብል ላይ ፍጥነቱን የቀነሰ መርከብ በሬዲዮ ሊጠራ ይችላል።

አምስተኛውና በእኔ አመለካከት ዋናው፣ መበጠሱ እንደማይቀር አውቆ መዘጋጀት ነው። የተበጠሰው ቦታ የሚታወቀው በመስመሩ ውስጥ ብርሃን ልኮ የተመለሰበትን ጊዜ በመለካት ነው። ከዚያ መርከብ ሄዳ በመንጠቆ ሁለቱን ጫፎች እያወጣች፣ ክሮቹን አንድ በአንድ አቅልጣ ትቀጥላለች። ችግሩ እንዲህ ያሉ መርከቦች ጥቂት መሆናቸው ነው። ኬፕታውንን መሠረት አድርጋ የአፍሪካን ዳርቻ ስትጠግን የኖረችው ሌዮን ቴቬኒን የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አንዲት መርከብ በምዕራብ አፍሪካ ሥራ ላይ ሳለች ምሥራቁ ቢበጠስ ተራ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል?

በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በማርች 1884 በፓሪስ ነው። ያኔ ኬብሉ የቴሌግራፍ ነበር፤ የቀይ ባሕር መንገድም ከስዊዝ በኤደን በኩል እስከ ቦምቤይ በ1870 ተዘርግቶ ነበር። ስምምነቱ ኬብልን ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት መቁረጥን ወንጀል አደረገ። እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ይህንኑ ወርሷል። በአንቀጽ 112 መሠረት በዓለም አቀፍ ባሕር ወለል ላይ ኬብል የመዘርጋት መብት የሁሉም አገሮች ነው፤ ወደብ አልባ የሆኑትም ጭምር። አንቀጽ 113 እያንዳንዱ አገር ባንዲራውን የያዘ መርከብ ኬብል ቢያበላሽ የሚቀጣበት ሕግ እንዲያወጣ ያዛል። አንቀጽ 115 ደግሞ ኬብል ላለመጉዳት ሲል መልሕቁን ወይም መረቡን ቆርጦ የጣለ ባለ መርከብ ካሳ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

ጥሩ ሕግ ነው፤ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። ከአገር የባሕር ክልል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የመክሰስ ሥልጣኑ በዋናነት የመርከቡ ባንዲራ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በባልቲክ ባሕር ኢግል ኤስ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ መልሕቋን እየጎተተች የኤሌክትሪክና የቴሌኮም ኬብሎች በመቁረጥ ተጠርጥራ ፊንላንድ መርከቧን ይዛ ኃላፊዎቿን ከሰሰች። በኦክቶበር 2025 ግን የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ጉዳቱ የደረሰው ከፊንላንድ የባሕር ክልል ውጭ ስለሆነ ሥልጣን የለኝም ብሎ ክሱን ዘጋ። ባሕር ያላት፣ ባሕር ኃይል ያላት፣ መርከቧንም በእጇ ያስገባች አገር ይህ ከገጠማት የእኛን መገመት ነው።

ኢትዮጵያ የ1982ቱን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ ያኔ ምፅዋና አሰብም በእጇ ነበሩ። ዛሬም ባንዲራዋን እያውለበለቡ በቀይ ባሕር የሚመላለሱ የንግድ መርከቦች አሏት። ስለዚህ የኬብል ተጠቃሚ ብቻ ሳትሆን መልሕቅ ያላት አገርም ናት። በዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የምንናገረው ነገር አለን።

የእኛ ድርሻ፦ ከሰበታ እስከ ድንበር

በባሕሩ ላይ አቅማችን ውስን ነው። በየብሱ ላይ ግን ሰበብ የለንም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 464 ሆን ብሎ ለሚያበላሽ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ቅጣቱ ከብዙ አገሮች የከበደ ነው። መስመሩ ግን መበጠሱን አላቆመም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚበጥሰው አዋጁ ያሰበው ዓይነት ሰው አይደለም።

እኔ በምኖርበት በሰበታ ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፍር የነበረ ኤክስካቫተር መስመር በጥሶ ሰፈራችን ከምሳ ሰዓት እስከ ማታ ያለ ኢንተርኔት ውሏል። ኦፕሬተሩን ጠየቅኩት። ከሥሩ ምን እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው ካርታም አልነበረም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው መንገዱ፣ የውኃ ቧንቧውና ሕንፃው በአንድ ላይ እየተቆፈረባቸው ያሉ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ወለጋና ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ በእነሱ ውስጥ ያልፋል። እዚህ የሚበጠስ መስመር የሰፈር ብቻ ላይሆን ይችላል።

የባሕሩ መልሕቅና የሰበታው ኤክስካቫተር ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ጠላት አይደሉም፤ ሁለቱም ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ሁለቱም የሚረግጡትን አያውቁም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ካርታና አስቀድሞ መጠየቅ። በብዙ አገሮች ቆፋሪ ከመቆፈሩ በፊት ለአንድ የስልክ ቁጥር ይደውላል፤ የውኃ፣ የመብራትና የቴሌኮም ባለቤቶች መጥተው መስመራቸውን ምልክት ያደርጉለታል። የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጥ የከተማ አስተዳደር ይህን ቅድመ ሁኔታ ቢያደርግ ከሃያ ዓመት እስራት የበለጠ ኬብል ያድናል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ሐቁን ለመናገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ረጅሙን የኢንተርኔት መቋረጥ ያመጣው ኤክስካቫተርም መልሕቅም አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲዘጋ ኬብሉ ሙሉ ነበር። መንግሥት ባለሀብትን ስለ ኬብል አስተማማኝነት ሲያሳምን ይህንንም መመለስ ይኖርበታል።

ሦስት በር፣ አንድ ባሕር

ሦስት መውጫ አለን ማለት መልካም ነው። ነገር ግን በሮቹን ድንበር ላይ ብቻ ቆመን ከቆጠርናቸው እንታለላለን። የጅቡቲውም የፖርት ሱዳኑም መንገድ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በቀይ ባሕር ነው። በሞምባሳ የሚያልፈው ኢዚም ወደ ሰሜን ሲወጣ ጅቡቲን አልፎ ፖርት ሱዳን ነው የሚደርሰው። ባብ ኤል መንደብ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ደግሞ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የራሷም ኢንተርኔት በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር።

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ዴር-1 ጅቡቲንና ሞምባሳን ስለሚያገናኝ አንዱ ሲታመም ጭነቱ ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም፣ ጅቡቲ ቴሌኮምና ሱዳቴል ሦስቱን አገሮች በየብስ የሚያገናኝ የፋይበር መስመር ለመዘርጋት ተስማምተዋል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የተከፈቱት የግል ዳታ ማዕከሎችም ጥቅማቸው ቀላል አይደለም፤ አገር ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ባሕር ሳይሻገር ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሥሪያ ቤት የሚመራ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው። ከሁለት ኩባንያ ሁለት መስመር መግዛት ሁለት መንገድ ማግኘት ማለት አይደለም፤ ኩባንያዎች መስመር ይከራያሉ፤ ሁለቱ ውሎች በአንድ ቦይ፣ በአንድ ምሰሶ፣ በአንድ ባሕር ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ከማለት አልፈው «ከሕንፃዬ የሚወጣው በየት ነው? ከአገር የሚወጣውስ በየትኛው ድንበርና በየትኛው ኬብል ነው? ያ ቢበጠስ በስንት ሰዓት ወደ ሌላ ይዞራል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። የተበጠሰ ኬብል መጠገኑ አይቀርም፤ እስኪጠገን ድረስ ሥራ የሚቀጥለው ግን ሌላ መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ብቻ ነው።